ከተማ ስትበወዝ፦ የቅርስ መጫወቻ ካርታዎች ለምን ያነጋግራሉ?

አንዲት ከተማ ታሪኳንና ባህሏን የያዘ የመጫወቻ ካርታ አሳተመች የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ወሬው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ደስ ይለዋል። ፎቶውን ያጋራል፤ የት እንደሚገኝም ይጠይቃል። ሌላው ወገን ቅር ይለዋል። «ቅርስ እንዴት የቁማር ዕቃ ይሆናል?» ይላል። ትንሽ ቆየት ብሎ ሦስተኛ ጥያቄ ብቅ ይላል። ነገሩን የሚያጦዘውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው፦ «የእኛ ሰፈር የታለ?»

ከሦስቱ ወደ ነገሩ ሥር የሚጠጋው ይኸኛው ነው። የካርታ እሽግ የፎቶ አልበም አይደለም። አልበም ላይ ገጽ ይጨመራል፤ የተረሳ ካለም ቆይቶ ይገባል። ካርታ ላይ ግን ቦታው 52 ነው፤ አለቀ። በዚያ ላይ ካርታዎቹ እኩል አይደሉም። ንጉሡ አሥሩን ይበላል፤ አሥሩ ደግሞ ሁለቱን። ስለዚህ ከተማን በካርታ የሚያሳትም ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ሁለት ነገር ያደርጋል። ማን እንደሚገባ ይመርጣል፤ ለገቡት ደግሞ ማዕረግ ይሰጣል። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርታ ላይ የተሳለ ካርታ

በአማርኛ «ካርታ» ስንል አንዳንዴ የአገር አቀማመጥ የሚታይበትን ወረቀት፣ አንዳንዴ ደግሞ በእጅ ይዘን የምንጫወትበትን ማለታችን ነው። ጣሊያንኛውም እንዲሁ ነው። እዚያም ያው ቃል ለወረቀት፣ ለመልክዓ ምድር ንድፍና ለመጫወቻው ያገለግላል። የቅርስ ካርታ ሁለቱንም ትርጉም በአንድ ላይ የያዘ ዕቃ ነው። ይጫወቱበታል፤ ከተማዋንም ያሳያል።

ይህን ቀልድ በቁም ነገር የሠሩት ሰዎች ነበሩ። በ1590 እንግሊዝ ውስጥ በታተመ አንድ እሽግ ላይ የአገሪቱ አውራጃዎች ካርታ ተስሎበት ነበር። በጊዜው የእንግሊዝና የዌልስ አውራጃዎች ሲደመሩ 52 ነበሩ። የመጫወቻው ካርታም 52 ነው። ለእያንዳንዱ አውራጃ አንድ ካርታ ደረሰው፤ ለአራቱ ምልክቶችም አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ተደለደሉ። በ1676 ሮበርት ሞርደን የተባለ የመልክዓ ምድር ካርታ ሠሪ ሐሳቡን አድሶ በትንንሾቹ ካርታዎች ላይ መንገዶችን ጭምር አሳየ። ሒሳቡ እንዲህ የሚገጥምለት ግን ስንቱ ነው? ሌላው ከተማ 52 ለመሙላት ወይ መጭመቅ አለበት፣ ወይ መለጠጥ።

«ሱቬኒር» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ሥሩም «ማስታወስ» ነው። ሱቬኒር ማለት አንድን ቦታ ወይም ጊዜ እንዲያስታውስ ተብሎ የሚያዝ ዕቃ ነው። አብዛኛው ሱቬኒር ሌላ ሥራ የለውም፤ ይቀመጣል፣ አቧራ ይጠጣል። የመጫወቻ ካርታ ግን ሥራ አለው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በኋላ እንደምናየው ግን ብዙ ነገር ይለውጣል።

ከባቡር መስኮት እስከ ኢንተርኔት

ሐሳቡ አዲስ የሚመስለው ዜናው አዲስ ስለሆነ ነው እንጂ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። በ1893 ለቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን የሕንፃዎቹን ሥዕል የያዘ የመጫወቻ ካርታ ታትሞ ለጎብኚዎች ይሸጥ ነበር። በዚያው ዘመን አካባቢ የአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎች ንግዱን አጧጧፉት። መስመራቸው የሚያልፍበትን ተራራ፣ ድልድይና ከተማ ፎቶ እያነሱ በየካርታው መሐል አስገቡት። ብልሃቱ ግልጽ ነው። ረጅም ጉዞ ይሰለቻል፤ መንገደኛውም ካርታ ይጫወታል። በመስኮት ያየውን እጁ ላይ ያገኘዋል። ቤቱ ሲገባ ለጎረቤት ያሳየዋል። ማስታወቂያው በራሱ እግር ይሄዳል።

ለንደን ውስጥ ደግሞ በ1628 በንጉሣዊ ፈቃድ የተቋቋመ የካርታ ሠሪዎች ማኅበር አለ። ከ1882 ጀምሮ በየዓመቱ የመታሰቢያ ካርታ ያወጣል። የዓመቱ ትልቅ ክስተት በካርታው ጀርባ ይታያል። አንድ ላይ ሲደረደሩ እንደ ዜና መዋዕል ይነበባሉ። ለመጫወቻ ካርታ የተሠሩ ሙዚየሞችም አሉ። በስፔን ቪቶሪያና በፓሪስ ዳርቻ ኢሲ ሌ ሙሊኖ ይገኛሉ።

ታዲያ ዛሬ ምን ተለወጠ? የሚያሳትመው ሰው ተለወጠ። ድሮ ለዚህ ሥራ ማተሚያ ቤት፣ ኩባንያ ወይም ማኅበር ያስፈልግ ነበር። አሁን አንድ ሠዓሊ ብቻውን ይችላል። በር የከፈተለት ክራውድፈንዲንግ ነው። ይህም ዕቃው ገና ሳይሠራ ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ገንዘብ አዋጥቶ የሚያሠራበት መንገድ ነው። በ2009 በተጀመረው ኪክስታርተር በተባለ ድረ ገጽ ላይ አዳዲስ የካርታ ዲዛይኖች ራሳቸውን የቻሉ ገበያ ሆነዋል። ዲጂታል ኅትመትም ጥቂት እሽጎችን ብቻ ማሳተም እንዲቻል አድርጓል።

እዚህ ላይ አንድ ብዥታ መጥራት አለበት። «ከተማዋ ካርታ አሳተመች» ሲባል ብዙውን ጊዜ ከተማዋ ምንም አላሳተመችም። ያሳተመው ግለሰብ ነው። ግለሰብ የወደደውን ይስላል፤ «ለምን የእኔን ሰፈር ተውክ?» ቢባል «አልመጣልኝም» ማለት ይበቃዋል። የከተማ አስተዳደር ወይም ሙዚየም በሕዝብ ገንዘብ ሲያሳትም ግን ያ መልስ አይሠራም። ክርክር ከመጀመር በፊት አሳታሚው ማን እንደሆነ ማየት ግማሹን ንዴት ያበርዳል።

ማን ይንገሥ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። መደበኛው እሽግ አራት ምልክት አለው፤ ልብ፣ ዳይመንድ፣ ስፔድና ክለብ። በእያንዳንዱ ምልክት ሥር አሥራ ሦስት ካርታ አለ። ከነዚህ ሦስቱ ባለሥዕል ናቸው፤ ንጉሥ፣ ንግሥትና ጃክ። ከ52ቱ ውጭ ደግሞ ጆከሮች አሉ።

አራቱ ምልክቶች ለአዘጋጁ ስጦታ ናቸው፤ ከተማዋን በአራት ርዕስ ለመክፈል ይመቻሉ። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ2007 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ወደ ኢራቅና አፍጋኒስታን ለሚሄዱ ወታደሮች ያሠራው የቅርስ ጥበቃ ካርታ ነው። ዳይመንድ ለጥንታዊ ዕቃዎች ተሰጠ። ስፔድ በእንግሊዝኛ አካፋም ማለት ስለሆነ ለቁፋሮ ቦታዎች ሆነ። ልብ የሕዝብን ልብ ስለመማረክ፣ ክለብ ደግሞ ቅርስን ስለመጠበቅ ይናገር ነበር። በአንዱ ካርታ ላይ 17 ምዕተ ዓመት የዘለቀው የኢራቁ ክቴሲፎን ቅስት ይታያል። አጠገቡ ያለው ጽሑፍ «ከእናንተስ ይተርፍ ይሆን?» የሚል መንፈስ ያለው ጥያቄ ነው። ምልክቱና መልእክቱ የተስማሙበት ሥራ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ ላይ ነው። ሰባቱ ከስድስቱ ይበልጣል። የድሮው ገበያ ሰባት ላይ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ስድስት ላይ ቢቀመጡ ምን ማለት ነው? አዘጋጁ ምንም ማለቱ ላይሆን ይችላል። ተጫዋቹ ግን በያንዳንዱ ዙር አንዱ ሌላውን ሲበላ ያያል። ደረጃ ትርጉም የለውም የሚል ሰው በ2003 አሜሪካ የምትፈልጋቸውን የኢራቅ ባለሥልጣናት ያሰፈረችበትን ካርታ ያስታውስ። ሳዳም ሁሴን የስፔድ አስ (ብዙ ጊዜ ከሁሉም በላይ የሚቆጠረው ባለ አንድ ምልክት ካርታ) ላይ ነበር። ያ ሹመት በዕጣ አልወጣም።

ባለሥዕሎቹ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይብሳል። እንቁጠር። አራት ንጉሥ፣ አራት ንግሥት፣ አራት ጃክ። ከአሥራ ሁለቱ ስምንቱ ወንዶች፣ አራቱ ሴቶች ናቸው። ባህሉን እንዳለ የተከተለ አዘጋጅ የከተማዋን ታላላቅ ሰዎች ሁለት ለአንድ አድርጎ ከፍሏል፤ ያውም አንድም ስም ሳያነሳ። ከዚያ ደግሞ ማን ንጉሥ ይሁን? መሥራቹ? ገጣሚዋ? ሐኪሙ? በሕይወት ያለ ሰው ከገባማ ዛሬ ያነገሥነውን ነገ ልናፍርበት እንችላለን። ሐውልትን ማውረድ አስቸጋሪ ነው፤ የታተመ ካርታን መልሶ መሰብሰብ ደግሞ አይቻልም።

ይህን ጥያቄ ፈረንሳዮች በአብዮታቸው ጊዜ እጅግ በቁም ነገር ወስደውት ነበር። ንጉሡ ከተሰየፈ በኋላ በ1793 ነገሥታት ከካርታም ይውጡ ተባለ። በአንድ የታወቀ እሽግ ላይ ነገሥታቱ በጠባቂ መናፍስት፣ ንግሥቶቹ በነፃነቶች፣ ጃኮቹ በእኩልነቶች ተተኩ። አልዘለቀም። ብዙም ሳይቆይ ነገሥታቱ ተመለሱ። ተጫዋች የለመደውን ይፈልጋል።

ከዚህ መውጫ መንገድ አለ? ጥቂት አሉ። አንዳንዶች ሰውን ትተው ሙያን ያነግሣሉ። አንዳንዶች በዕድሜ ይሄዳሉ፤ ጥንታዊው ሕንፃ ንጉሥ፣ አዲሱ ሁለት ይሆናል። ሌሎች ከመሐል ከተማ ወደ ዳር ወይም ከዳር ወደ መሐል ይቆጥራሉ። የትኛውም ፍጹም አይደለም። ቢሆንም ግልጽ መመዘኛ ያለው ካርታ የአንድ ኮሚቴ ምርጫ ብቻ ከሆነው ይሻላል። «በዕድሜ ነው የደረደርነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሳጥኑ ላይ ቢጻፍ ብዙ ጥርጣሬ ይቀንሳል። አማርኛችን እንኳ ማደልንና ማድላትን ጎን ለጎን ነው ያስቀመጣቸው።

ጆከሩን ደግሞ አንርሳ። ብዙ አዘጋጆች ጆከር ላይ የከተማዋን ቀልደኛ፣ በእብድነት የሚታወቅ ሰው ወይም የጎዳና እንስሳ ያደርጋሉ። ደስ ይላል። ግን ጆከር ማሾፊያም ነው። አንድ ብሔረሰብ ወይም ደሃ ሰፈር በጠቅላላው እሽግ ውስጥ የሚታየው ጆከር ላይ ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ቁማር ነው ወይስ መታሰቢያ?

የሚቃወሙት ሰዎች ዝም ብለው አይደለም የሚቃወሙት። አውሮፓ ውስጥ ስለ ካርታ የምናገኘው አስተማማኝ መረጃ የሚጀምረው በ1370ዎቹ ነው። ፍሎረንስ ደግሞ በ1377 ጨዋታውን በሕግ ገድባለች። ካርታ ገና ብቅ ከማለቱ ከገደብ ጋር ነው መዝገብ ላይ የወጣው ማለት ነው። በ1423 የሲየናው ሰባኪ በርናርዲኖ ቦሎኛ ላይ በካርታ ላይ የሰበከው ስብከት እስካሁን ይነሳል። ስጋቱ የዛሬ አይደለም።

መንግሥታት በበኩላቸው ከልክለው ሲያበቁ ቀረጥ ጣሉበት። በብሪታንያ ከ1765 ጀምሮ የስፔድ አስን የሚያትመው የመንግሥት ቀረጥ ቢሮ ብቻ ነበር። ቀረጥ መከፈሉ የሚታወቀው በዚያች ካርታ ነው። እሷን አስመስሎ ማተም በሞት ያስቀጣ ነበር፤ በ1805 አንድ ለንደናዊ ካርታ ሠሪ በዚሁ ተሰቅሏል። ቀረጡ የተነሳው በ1960 ነው። የስፔድ አስ እስከ ዛሬ ከሌሎቹ በላይ ማጌጧ ከዚህ የመጣ ነው። የዛሬዎቹ አዘጋጆችም የከተማዋን ዓርማ እሷ ላይ ማስቀመጥ የሚወዱት ታሪኩን እያወቁም ሳያውቁም ነው።

ደጋፊዎች የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው። ቁማር ያለው ገንዘቡ ላይ እንጂ ካርታው ላይ አይደለም። ልጅ ከአያቱ ጋር ሲጫወትበት ጨዋታ ነው፤ ሰው ደመወዙን ሲያስይዝበት ቁማር ነው። ትክክል ነው። ግን ተቃዋሚው የሚለውን ሁሉ አይመልስም። ካርታ ጠረጴዛ ላይ ይወረወራል። መሬት ይወድቃል፣ ይረገጣል። በእጅ ላብ ይወይባል። የጸሎት ቤት ወይም የመቃብር ቦታ ሥዕል እንዲህ ሲሆን የሚከፋው ሰው አለ። ያ ሰው ኋላ ቀር አይደለም፤ ቦታውን ከጎብኚው የበለጠ ያውቀዋል።

በ2003 የጸደቀው የዩኔስኮ ስምምነት የማይዳሰስ ቅርስን ይመለከታል። የማይዳሰስ ቅርስ ማለት በእጅ የማይያዝ ግን በሰው ውስጥ የሚኖር ነገር ነው፤ ተረትና ሥነ ቃል፣ ክዋኔ ጥበብ፣ በዓልና ሥርዓት፣ ስለ ተፈጥሮ ያለ እውቀት፣ የእጅ ሙያ። ስምምነቱ የቅርሱ ባለቤት የሆነው ማኅበረሰብ በጥበቃው ውስጥ በሰፊው እንዲሳተፍ ይጠይቃል። ለካርታ አዘጋጅ ትርጉሙ ቀላል ነው። አንድን ሥርዓተ አምልኮ ከመሳልህ በፊት የሚፈጽሙትን ሰዎች ጠይቅ። እምቢ ካሉ ተወው፤ 52 ቦታ ለመሙላት ሌላ ነገር አይጠፋም።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ያረጀ መንገድ ነው። ኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ውስጥ ግብጽን ይገዙ ከነበሩት ማምሉኮች ዘመን የተረፈ እሽግ አለ። እሱም አራት ምልክት በአሥራ ሦስት ነው። ንጉሡና ምክትሎቹ ግን ፊት የላቸውም። ማዕረጋቸው በጽሑፍ ብቻ ሰፍሯል፤ የቀረው ጌጥ ነው። ክብሩ ሳይነካ ካርታ ሆኗል። በሐረግ፣ በጨርቅ ጥለት ወይም በበር ቅርጽ የተሠራ የከተማ ካርታ ለምን የበለጠ አይሞከርም?

አደባባይ ላይ የቆመ ሁሉ የሁሉም ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «መንገድ ላይ የቆመ ሐውልት የሕዝብ ነው፤ መሳሉ ምን ችግር አለው?» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ሕንፃና ሐውልት በሕግ ዓይን እንደ መጽሐፍ የፈጠራ ሥራ ናቸው። የቅጂ መብት አላቸው። መብቱ በአብዛኛው አገር ፈጣሪው ከሞተ በኋላም 50 ወይም 70 ዓመት ይዘልቃል።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የመጣ ነገር «የፓኖራማ ነፃነት» ይባላል። በአደባባይ በቋሚነት የቆመን ሥራ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳትና መሳል የሚፈቅድ የሕግ አንቀጽ ነው። ግን አገር ለአገር ይለያያል። ጀርመን ለንግድም ትፈቅዳለች። ፈረንሳይ በ2016 ያስገባችው ፈቃድ ለንግድ አይሆንም። ብሪታንያ ሕንፃና ቅርጻ ቅርጽ ትፈቅዳለች፤ የግድግዳ ሥዕል ግን አይካተትም። አሜሪካ ሕንፃን እንጂ ሐውልትን አትፈቅድም። የኢፍል ማማ ራሱ መብቱ አብቅቷል፤ መሐንዲሱ የሞተው በ1923 ነው። ማታ የሚለብሰው የመብራት ዝግጅት ግን አዲስ ሥራ ስለሆነ አስተዳዳሪው ኩባንያ ለንግድ ሲውል ፈቃድ ይጠይቅበታል። ቀን የተሳለው ማማ ነፃ፣ ሌሊት የተሳለው ጣጣ ያለው ነው።

ትንሽ ወረቀት ላይ ያለ ትንሽ ሥዕል ማንም አያየውም ብሎ ማሰብም አያዋጣም። የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ የነፃነት ሐውልትን ፎቶ አተመ። ፎቶው ግን የኒው ዮርኩ ሐውልት አልነበረም፤ ላስ ቬጋስ ያለው ቅጂ ነበር። የቅጂው ቀራጺ ከሰሰ። በ2018 ፍርድ ቤት ወደ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት። ቴምብር ከካርታ ያንሳል።

ከቅጂ መብት ውጭ የሆነ ሌላ ሕግም አለ። ጣሊያን በመንግሥት እጅ ያሉ ቅርሶችን ለንግድ የሚያባዛ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣና ክፍያ እንዲፈጽም ትጠይቃለች፤ ቅርሱ የአምስት መቶ ዓመት ዕድሜ ቢኖረውም። በ2022 የቬኒስ ፍርድ ቤት የጀርመኑ የጨዋታ ዕቃ አምራች ራቨንስበርገር የሌዎናርዶ ዳ ቪንቺን የታወቀ የሰው አካል ንድፍ በመገጣጠሚያ ሥዕል (ፐዝል) ላይ እንዳይሸጥ አዘዘ። በ2024 የሽቱትጋርት ፍርድ ቤት ደግሞ የጣሊያን ሕግ ከጣሊያን ውጭ አይሠራም አለ። ሁለቱም ወገን ሚዛን የሚደፋ ነገር አለው። አንዱ፣ ቅርሱን የሚንከባከበው ሙዚየም ከንግዱ ድርሻ ቢያገኝ ምን ይገርማል ይላል። ሌላው፣ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ክፍያ ካለ የሰው ልጅ የጋራ ሀብት የሚባለው መቼ ሊጀምር ነው ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። የካርታ አዘጋጅ ግን በምኞቱ ሳይሆን በሚሸጥበት አገር ሕግ ነው የሚዳኘው።

የሠዓሊው መብትም አለ። ሥራውን በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ ነው ወይስ በየኅትመቱ ድርሻ አለው? ይህ በጽሑፍ ካልሰፈረ ካርታው ሲወደድ ጠብ ይመጣል። አሁን አሁን ሥዕሉን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያሠሩም አሉ። ከመብቱ ጥያቄ በፊት የትክክለኛነት ጥያቄ አለ። መሣሪያው አምስት ቅስት ያለውን በረንዳ ስድስት አድርጎ ሊስለው ይችላል፤ ሥዕሉም ያምራል። የቅርስ ካርታ ላይ ግን ስድስተኛው ቅስት ውሸት ነው።

ከመዳፍ ባነሰ ወረቀት ላይ

ጥቂት ስለ ኅትመቱ። ለፖከር የሚመረተው መደበኛ ካርታ 63 በ88 ሚሊሜትር ነው፤ ለብሪጅ ጨዋታ የሚሆነው ግን ወርዱ ወደ 57 ይጠባል። ጥሩው ካርታ ሁለት ወረቀት በጥቁር ሙጫ ተጣብቆ ነው የሚሠራው፤ ብርሃን አሳልፎ ከጀርባ እንዳይታይ። በአንድ ትልቅ ወረቀት 54፣ 55 ወይም 56 ካርታ አብሮ ይታተማል። ከ52ቱና ከጆከሮቹ የሚተርፈው ቦታ ላይ የከተማዋ ካርታ ወይም የሥዕሎቹ ማብራሪያ ይገባል። ብዙ አዘጋጅ ይህን ቦታ በማስታወቂያ ያባክነዋል።

ዋናው ፈተና ግን መነበብ ነው። ተጫዋች ካርታውን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይይዛል፤ የሚያየው ጥጉን ብቻ ነው። ጥጉ ላይ ያለው ቁጥርና ምልክት ካልጎላ ካርታው ለጨዋታ አይሆንም። ባለሥዕል ካርታ ደግሞ በልማድ ባለ ሁለት ራስ ነው፤ ቢገለበጥም ያው ነው። ሕንፃን እንዲህ ብትስለው ግማሹ ሰማይ ላይ ተዘቅዝቆ ይቀራል። ሙሉውን ብትስለው ተጫዋቹ ሁልጊዜ ሲያገላብጥ ይውላል። ሲያገላብጥ ደግሞ ባላጋራው ምን እንደያዘ ይገምታል። ውበትና ጨዋታ የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው የቅርስ ካርታ ለውበት ያደላል፤ ለዚህም ነው ሳጥኑ ሳይከፈት የሚቀረው።

መደርደሪያ ላይ ወይስ እጅ ላይ?

ካርታ ቅርስን ያስተምራል ወይ? ጥርጣሬው ተገቢ ነው። በፈረንሳይ ባህላዊ ካርታ ላይ አራቱ ነገሥታት ስም አላቸው፤ ዳዊት፣ ሻርል፣ ቄሳር፣ እስክንድር። ስማቸው እዚያው ተጽፏል። ተጫዋቹ ግን የሚያየው «ንጉሥ» ብቻ ነው። ዳዊትን ጥሎ ነጥብ ሲሰበስብ ስለ ዳዊት አያስብም። ሥዕሉ ለጨዋታው ካላስፈለገ ዓይን ይዘለዋል።

ሥዕሉ ለጨዋታው የሚያስፈልግበት ምሳሌ ግን አለ። ጃፓን ውስጥ በጉንማ ግዛት በ1947 «ጆሞ ካሩታ» የሚባል እሽግ ወጣ። 44 ሥዕል አለው፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል ደግሞ አንድ አጭር ግጥም። ስለ ግዛቷ ተራራ፣ ፍል ውሃ፣ ሐር ምርትና ታዋቂ ሰዎች ይናገራል። አንድ ሰው ግጥሙን ያነባል። ልጆቹ ተሽቀዳድመው የሚገጥመውን ሥዕል መሬት ላይ ከተዘረጉት መሐል ይቀማሉ። ግጥሙን በቃሉ ያላወቀ ይሸነፋል። ከ1948 ጀምሮ የግዛቲቱ ልጆች ውድድር ሲደረግበት ቆይቷል። ያደጉበት ሰዎች ካረጁ በኋላም ይወጡታል።

ይህኛውም ቢሆን ከምርጫ ጣጣ አላመለጠም። እሽጉ ሲዘጋጅ ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሸነፏት አገሮች አስተዳደር ሥር ነበረች። ሊገቡ የታሰቡ የታሪክ ሰዎች፣ ለምሳሌ ሕዝቡ እንደ ጀግና የሚያያቸው ሽፍታ ኩኒሳዳ ቹጂ፣ በዚያ ምክንያት ተዘለዋል። ማን እንደገባ ብቻ ሳይሆን ማን እንደቀረም ዘመኑን ይነግረናል።

የቅርስ ካርታ ለከተማዋ የሚያመጣው ነገር እንግዲህ በአብዛኛው ከሽያጩ ገንዘብ ውጭ ነው። የገባው ቦታ የበለጠ ይታወቃል፤ ጎብኚው «ካርታው ላይ ያየሁት» እያለ ይፈልገዋል። ያልገባው ባለበት ይቀራል። ሁለተኛው አዘጋጅ ከመጀመሪያው ላይ ይቀዳል፤ ሦስተኛውም ከሁለተኛው። በአሥር ዓመት ውስጥ ከተማዋ ማለት እነዚያው ጥቂት ሥዕሎች ሊሆኑ ይችላሉ። ጊዜ ደግሞ የራሱን ይሠራል። ሕንፃ ይፈርሳል፤ መንገድ ስሙ ይቀየራል። ያኔ ለማሞገስ የታተመው ካርታ ማስረጃ ይሆናል።

ጉንማ ይህን በአንዲት ካርታ ላይ አይታዋለች። ካርታዋ የግዛቷ ሕዝብ ተባብሮ መቆሙን የምታወድስ ናት፤ ቁጥሩም ግጥሙ ውስጥ አለ። በ1947 አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ይል ነበር። ሕዝቡ በጨመረ ቁጥር ግጥሙ ተስተካከለ። በ1993 ሁለት ሚሊዮን ገባ። በ2015 ቆጠራ ሕዝቡ ከሁለት ሚሊዮን በታች ወርዶ ተገኘ። ልጆቹ ግን ካርታዋን የሚቀሙት «ሁለት ሚሊዮን» ሲባል ሰምተው ነው።